ለቮልስህ ማሞቂያ፦ ሳጥኖቹን ማንም እንዳይነቅልብህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በፈረንጅ 1967 የተሠራች ቮልስ አለችህ፣ የምትኖረው ደሴ ነው። ጠዋት ጠዋት የፊት መስታወቷ ጉም ይለብስብሃል፣ ማሞቂያውን ስትከፍተው ደግሞ ብርድ ነው የሚነፋብህ። "የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላስገባ ወይ?" ብለሃል። አታስገባ፣ ብርህን ያዝ። እኔም ያው መኪና ነው ያለኝ፣ ያው ብርድ ውስጥ ነው የምነዳው። ዛሬ በታኅሣሥ ውርጭ ወደ ኩታበር ስወጣ ጃኬቴን አውልቄ ነው የምነዳው። ስለዚህ የምነግርህን ስማኝ።

መሠረታዊውን አልደግምልህም። ሞተሩ በአየር እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለህ። ሙቀቱ የሚገኘው ከጭስ ማውጫው ነው። ከሞተሩ ግራና ቀኝ የጭስ ቧንቧዎቹን ያቀፉ ሁለት የማሞቂያ ሳጥኖች አሉ። ማራገቢያው አየሩን በነሱ ውስጥ ይገፋዋል፣ አየሩም በበሮቹ ሥር ባለው ቦይ አልፎ እግርህና መስታወቱ ጋ ይደርሳል። ፖርሽ 356ም ሆነ የድሮው 911 የሚሞቁት በዚሁ ዘዴ ነው። ሙቀቱ ሞተሩ ጋ በበቂ አለ። አንተ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየባከነ ነው።

1ኛ፦ ከሁሉ በፊት ጭስ የሚያፈስ ቦታ ካለ አጣራ። ይኼን ሳታደርግ ማሞቂያውን እንዳትከፍት፣ በእናትህ። ደጋ ላይ ቤታቸውን ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ፣ በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም። የሳጥኑ ውስጥ ቧንቧ ከተበሳ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ) የሚጋጠምበትንና የጭስ ቧንቧው ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ከተነፋ ወይም ጥቁር ጥላሸት ካየህ ጓርኒሲዮኑን፣ መጋጠሚያው መሀል ያለውን ማሸጊያ፣ ቀይር። የተበሳው የውስጥ ቧንቧው ከሆነ ግን ከውጭ በብየዳ ማለባበስ አያዋጣም፣ ሳጥኑ ይቀየር። እየነዳህ ራስህን ካመመህ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ መስኮት ክፈት፣ ቁም፣ ውረድ።

2ኛ፦ ሳጥኖችህ ኦሪጅናል መሆናቸውን እይ። ጎንበስ ብለህ በአፉ በኩል በባትሪ ተመልከት። በኦሪጅናሉ ውስጥ በቧንቧው ዙሪያ የአሉሚኒየም ክንፎች ታያለህ። ሙቀቱን ከቧንቧው ተቀብለው ለአየሩ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አሁን የሚሸጠው ርካሽ ቅጂ ብዙ ጊዜ ክንፍ የለውም፣ ባዶ ላሜራ ነው። በእጅህ ስታነሳው በክብደቱ ትለየዋለህ። ክንፍ ያለው ካገኘህ ዝጎም ቢሆን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው።

ይኼን የምልህ ከሆዴ ነው። መኪናዬን ጋራዥ ያስገባኋት ማርሚታዋን ለማስቀየር ብቻ ነበር። "ሌላ ነገር እንዳትነኩ" ብዬ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። ስመለስ ሁለቱም ሳጥኖች የሉም! በቦታቸው ተራ ቧንቧ በይደው ገጥመዋል። "ሳጥኖቹስ?" ስል ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እሱ ለፈረንጅ አገር በረዶ ነው፣ እዚህ ሸክም ነው" አለኝ። "እሺ መልሱልኝ" አልኩ። "ቁራሌው ወስዶታል" አለ። ከፋብሪካ ጀምሮ ከመኪናዋ ጋር የኖረ ዕቃ፣ ባለ ክንፍ፣ ምንም ያልተበሳ፣ በኪሎ ተሸጠ። ያውም ለበየዱበት ተጨማሪ ብር ጠየቁኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ አይቶ ያደገ ሰው ነው "ማሞቂያ አያስፈልግም" የሚለኝ።

ነገሩ በብርድ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የማራገቢያው መሸፈኛ ላይ ወደ ሳጥኖቹ የሚሄዱ ሁለት አፎች አሉ። ሳጥኖቹን ሲነቅሉ አፎቹን ክፍት ትተዋቸው ነበር። ለሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር በዚያ እየወጣ ይጠፋል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ500 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው። የሐረጎን ዳገት ስጀምር ደህና ነበረች፣ እየወጣሁ ስሄድ ጉልበቷ ደከመ። ደሴ ገብቼ ስቆም የዘይቱ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ ግፊቱ ወርዶ ነው። ቮልስ የሙቀት ጌጅ የላትም፣ የምትነግርህ በዚያ መብራት ነው። ወዲያው ሁለቱን አፎች በላሜራ ቆርጬ ደፈንኳቸው። ሞተሯን ያተረፋት እሱ ነው። ያንተም ሳጥኖች ከሌሉ ዛሬውኑ ይኼን እይ።

ምትክ ፍለጋው ረጅም ነበር። በመጨረሻ ቮልስ ሲሠሩ ያረጁ አንድ አባት ናቸው ያገኙልኝ። ሐይቅ አካባቢ ጓሮ ውስጥ ከቆመች አሮጌ ቮልስ ላይ ባለ ክንፉን ጥንድ ፈትተው አመጡልኝ። ዋጋ ሲናገሩም አልበዘበዙኝም፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ቱቦና ጓርኒሲዮኑን ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ ላከልኝ። የተላከውን ዕቃ ለማስወጣት የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። መጀመሪያ ሊብሬ አምጣ፣ ቀጥሎ የግዢ ደረሰኝ አምጣ፣ ከዚያ "ይኼ ዕቃ መኪና ላይ የቱ ጋ ነው የሚገባው? ፎቶ አምጣ"። ሁሉንም በአንድ ቀን መናገር ይቻል ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰችም። አንተ ሦስቱንም ኮፒ አድርገህ ይዘህ ሂድ፣ አትመላለስ።

ጋራዥ ስትገባም የሚሠራውን ነገር በወረቀት ጽፈህ አስፈርም። "የተፈታ አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል" የሚል አክልበት። ቅር ካላቸው ሌላ ጋራዥ አለ።

3ኛ፦ ቱቦዎቹን ተከታተል። ከማራገቢያው ወደ ሳጥኖቹ የሚወርዱት ሁለቱ ቱቦዎች፣ ከዚያ ከሳጥኖቹ ወደ ቦዲው የሚገቡት ሁለቱ። እነዚህ የኋለኞቹ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ስለሆኑ ጭቃና ጠጠር ይበላቸዋል። የኔዎቹ ግማሹ ተቀዶ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሙቀቱን አስፋልት ላይ ነበር የምረጨው። አዲስ አስገብቼ በፋሸታ፣ በማጥበቂያ ቀለበት፣ አጠበቅኩት፣ ከላይ ሙቀት የሚችል የመስታወት ክር ጨርቅ ጠቀለልኩበት። ልዩነቱን ያየሁት በዚያው ጠዋት ነው።

ካቦዎቹንም፣ መዝጊያዎቹን የሚስቡትን የሽቦ ገመዶች፣ እይ። በእጅ ፍሬኑ ግራና ቀኝ ሁለት ማንሻ አለህ። የቀኙ ሳጥኖቹ ላይ ያሉትን መዝጊያዎች ይከፍታል፣ የግራው ከኋላ ለሚቀመጡት እግር ሙቀት የሚለቅ ነው። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ የቀኙን ያንሳ፣ አንተ ከሥር ተኛና መዝጊያዎቹ እስከ መጨረሻው ዞረው እንደሆነ ተመልከት። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በዝገት ተይዞ ታገኘዋለህ። ዘይት አጠጣው፣ በኃይል አትጎትት፣ ካቦው ይበጠሳል።

በበሮቹ ሥር ያለው ቦይ ከዛገ ግን ነገሩ ከማሞቂያ በላይ ነው። ቦዲው ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በሱ ነው። በፑቲ የሚደፍንልህን አትስማ፣ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ቮልስ አየር አታስወጣም። መስኮት ሁሉ ተዘግቶ በር መዝጋት እንኳ እንደሚያስቸግር ታውቃለህ። ውስጡ ያለው አየር መውጫ ካጣ ሙቁ አየር አይገባም። ትንሿን የሦስት ማዕዘን መስኮት በጣት ያህል ክፈታት። ብርድ ይገባል ብለህ አትፍራ፣ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። መስታወቱ እስኪጠራ ደግሞ እግርህ ሥር ያሉትን ተንሸራታች ክዳኖች ዝጋቸው፣ ሙቀቱ በሙሉ ወደ ላይ ይሄዳል።

ቁልቁለት ላይ ከቀዘቀዘብህ ብልሽት አይደለም። እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ማራገቢያው መዞሩን አያቆምም፣ ጭሱ ግን ይቀዘቅዛል። ሐረጎን ስትወርድ ይኼ ይሆናል፣ ኮምቦልቻ ራሱ ስለሚሞቅ አትጨነቅ። ወደ ጉጉፍቱ ስትወጣ ሞተሩ ስለሚሠራ እሳት ነው የሚነፋልህ።

ጠዋት ለመሞቅ በጣም ከዘገየች ቴርሞስታቱ መኖሩን ጠይቅ። ከሞተሩ ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ የሞተሩን ማቀዝቀዣ አየር መዝጊያዎች ይከፍታል። እዚህ አገር መካኒኮች አውጥተው መጣል ይወዳሉ። ቢመለስ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል፣ አንተም።

ስለ ኤሌክትሪኩ፣ 150 ዋት የሚባለው ማሞቂያ በ12 ቮልት 12 አምፔር ተኩል ይበላል። ያንተ 6 ቮልት ከሆነች እጥፉን ነው። ዲናሞው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ይኼን አይችልም፣ ለመስታወትህ የሚሰጥህ ሙቀት ግን ትንሽ ነው። በዚያ ብር ቱቦና ጓርኒሲዮን ግዛ። ከተረፈህ ወለሉ ላይ ከምንጣፉ ሥር የበግ ፀጉር ንጣፍ አድርግ። እኔ አድርጌ ብዙ ለውጥ አይቻለሁ። ከኋላ ወንበር ሥር ግን ባትሪው አለ፣ የወንበሩ ስፕሪንግ ነክቶት እሳት ሊነሳ ይችላል። እዚያ ምንም አታንጥፍ፣ የባትሪውን ክዳንም አትርሳ።

ነገ መኪናዋን ክሪክ ላይ አንሳና የሁለቱንም ሳጥኖች አፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ክንፍ ያለው መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ። ከሌለው ወደ እኚያ አባት እወስድሃለሁ።