ኮምባይነር ለገጨው ብስክሌተኛ ካሳ፦ የሽምግልናው ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት

ጥያቄ፦ የምንኖረው አርሲ፣ ሄጦሳ ወረዳ ነው። ባለፈው ኅዳር የ19 ዓመት ወንድሜ ከገበያ በብስክሌት ሲመለስ ከኋላው የመጣ ኮምባይነር (የእህል ማጨጃና መውቂያ ማሽን) ከፊቱ በተገጠመው ሰፊ ማጨጃ ጫፍ መሪውን መትቶ ቦይ ውስጥ ጣለው። እግሩ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምናም ይቀረዋል። ኦፕሬተሩ ጠፍቷል። ባለቤቱ «የነዳሁት እኔ አይደለሁም፤ ልጁም መብራት አልነበረውም» እያለ ሽማግሌ ልኮ 40,000 ብር ሰጥቼ እንፈራረም ብሏል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ለወንድምዎ ምሕረቱን ያምጣለት። የሚያስቸኩለውን ላስቀድም፤ ያ ወረቀት ላይ አሁን እንዳትፈርሙ። ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ አነጋግሩ፤ እርቁም ይቀጥል። ነገር ግን «ከእንግዲህ የካሳ ጥያቄ የለኝም» የሚል ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ነገ ብረቱ ወጥቶ እግሩ ቢያጥር ወይም ጉልበቱ አልታጠፍ ቢል ተመልሶ መጠየቅ እጅግ ከባድ ነው። ገንዘቡ ለሕክምና የግድ ካስፈለገ «ለሕክምና የተከፈለ፣ ከጠቅላላ ካሳው ላይ የሚታሰብ» ተብሎ በደረሰኝ ይቀበሉ። ወንድምዎ ለአካለ መጠን ስለደረሰ የሚፈርመውም ሆነ የሚከሰው ራሱ ነው፤ እርስዎ ስለ እሱ ለመቅረብ ውክልና ያስፈልግዎታል።

«የነዳሁት እኔ አይደለሁም» የሚለው መልስ ባለቤቱን አያድነውም። አንቀጽ 2081 የማሽን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ማምለጫው ማሽኑ በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ እስኪያዝ አትጠብቁ። ኮምባይነሩን ለጥቅሙ ተከራይቶ በእጁ ያደረገ ሌላ ሰው ካለ በአንቀጽ 2082 እሱም ይጠየቃል። ማሳውን በኪራይ ያሳጨደውን ገበሬ መክሰስ ግን በእኔ እምነት ድካም ነው፤ ማሽኑ ያለው ከነኦፕሬተሩ በባለቤቱ እጅ ነውና።

የመብራቱ ጉዳይ ግን በቀላሉ አይታይም። በአንቀጽ 2086 ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ነጻ አይወጣም፤ ከኃላፊነት ነጻ የሚሆነው ወይም ኃላፊነቱ የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። አደጋው 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ደርሶ ከሆነ የመብራት ክርክሩ እዚያው ይወድቃል፤ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። በትራፊክ ፖሊሱ መዝገብ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ዛሬውኑ ሄደው ይመልከቱ።

ከዚያ ሜትር ይዘው የመንገዱንና የማጨጃውን ስፋት ይለኩ። መንገዱ 6 ሜትር፣ ማጨጃው 4 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ኮምባይነሩ መሐል ለመሐል ቢሄድ እንኳ በየጎኑ የሚተርፈው 75 ሳንቲሜትር ነው። የብስክሌት መሪ ብቻውን 60 ሳንቲሜትር ገደማ ይወስዳል። ልጁ ቀኙን ይዞ ቢሄድም መሄጃ አልነበረውም ማለት ነው። ጥንቃቄ ያለው ኦፕሬተር መንገድ ላይ ሲወጣ ማጨጃውን ፈትቶ፣ በራሱ ጋሪ ላይ በቁመቱ አስሮ ከኋላ ይጎትተዋል። በአጨዳ ወቅት ከማሳ ማሳ ሲሯሯጡ መፍታቱና መግጠሙ ጊዜ ይፈጃል ብለው ይተዉታል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ልኬት ፎቶ ተነሥቶ ሁለት ምስክር ከታከለበት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዳኛው ግልጽ ይሆናል።

ለክሱ የፖሊሱን የአደጋ ንድፍ ግልባጭ፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ደረሰኞችን ሰብስቡ። ሕክምናው ሲያበቃ ዘላቂ ጉዳት ካለ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስነዋል፤ የሚያጣው የወደፊት ገቢ የሚሰላው በዚያ ላይ ነው። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ ይቆርጣል። ለሕሊና ጉዳት (በገንዘብ ለማይለካው ሥቃይና ሐዘን) ግን አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ ለዛሬ ኑሮ የማይመጥን ቢሆንም ሕጉ ይኸው ነው። ኮምባይነሩ የሦስተኛ ወገን መድን ካለው መድን ሰጪውን ከባለቤቱ ጋር አጣምራችሁ ክሰሱ፤ ከመድኑ ጣሪያ በላይ ያለው ዕዳ በባለቤቱ ላይ ይቀራል።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባል። የዳኝነት መክፈያ ካጣችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ 2 ዓመት ነው፤ ሽምግልናው ሲጓተት ይህ ቀን እንዳያልፋችሁ። የወንጀሉ መዝገብ ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ኦፕሬተሩ በወንጀል ነጻ ቢባል እንኳ በአንቀጽ 2149 መሠረት የካሳው ዳኛ በዚያ አይታሰርም።

ብስክሌቱን ደግሞ አታስጠግኑት፤ አትጠቡትም። በተጣመመው መሪ ላይ የማጨጃው ቀለም ተፍቆ ቀርቶ ከሆነ በቅርበት ፎቶ አንሥታችሁ እስከ ፍርዱ ቀን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።