ጉልበቴን በመዶሻ የመታኝ ሐኪም ምን ፈልጎ ነው? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የጋለ ጀበና ስነካ እጄ የሚሸሸው ገና ሳያመኝ ነው። እንዴት? (ከመርካቶ ሰፈር፣ ጅማ)

አንጎልሽን ሳትጠብቂ ነዋ! የቆዳሽ ነርቭ በጀርባ አጥንትሽ ውስጥ ለሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ለህብለ ሰረሰር፣ ይነግራል፣ ትእዛዙም ከዚያው ይወጣል። ክንድ የሚያጥፈው ጡንቻ ሲኮማተር የሚዘረጋው እንዲላላ ይደረጋል፤ ሁለቱ ቢጓተቱ እጅሽ ጀበናው ላይ ይቀር ነበር። ሕመሙ አንጎል ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ግን እንግዳ ፊት የሞላ ሲኒ ቢያቃጥልሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጪዋለሽ እንጂ አትጥይውም። አንጎል ከላይ ሆኖ «ቆይ» ማለት ይችላል።

ሐኪሙ ጉልበቴን ሲመታኝ እግሬ ዝም አለ። ነርቬ ሞቷል?

ኧረ በፍጹም! ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲመታ የፊት ጭን ጡንቻ በድንገት ይለጠጣል፤ መለጠጡን የሚያውቅ ነርቭ ህብለ ሰረሰር ገብቶ ጡንቻውን ለሚያዘው ነርቭ በቀጥታ፣ ያለ አማላጅ ያስተላልፋል፣ እግርም ይፈናጠራል። ጤነኛ ሆኖ እግሩ እምብዛም የማይነቃነቅ ሰው ሞልቷል። የሁለቱ እግር ልዩነት ግን መታየት አለበት። የሃንጋሪው ሐኪም ዬንድራሺክ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ አለ፦ የሁለት እጅህን ጣቶች አቆላልፈህ እየሳብክ አስመታ፣ ብዙ ጊዜ ይነቃል። በጅማ በርጩማ ግን አትሞክረው፣ እግር መንጠልጠል አለበት።

ኳስ ስጫወት ሚስማር ረገጥኩ፤ እግሬን አነሳሁ ግን አልወደቅኩም።

ያም የህብለ ሰረሰር ሥራ ነው። አንዱን እግር ሲያጥፍ ሌላውን ይገትራል። የቴታኖስ ክትባትህን ግን አትርሳ!

አጎቴ ፎገራ ሳሉ ጓያ በልተው እግራቸው ተሳሰረ። ጅማ አምጥተን ስናስመረምር ጉልበታቸው ሲመታ እግራቸው ክፉኛ ተፈናጠረ። የማይታዘዝ እግር እንዴት ይፈናጠራል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርደውን መስመር ነው። ከጉልበት ሄዶ የሚመለሰው መስመር ደህና ነው፣ የጠፋው ከላይ የሚመጣው ልጓም ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ ባጃጅ በሉት። ስለዚህ ጡንቻው ይገተራል፣ እግር ይጠላለፋል፣ በጣት መራመድ ይመጣል። ፖሊዮ ተቃራኒው ነው፦ ጡንቻን የሚያዙትን የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ራሳቸውን ስለሚገድል እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ መዶሻውም መልስ አያገኝም።

የጓያ ጉዳት አይመለስም፣ ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ጓያውን ይተዉ፤ ፊዚዮቴራፒ ግን ውሰዷቸው፣ ግትርነቱን ያላላዋል።