ዲግሪ ይዘሽ ስምሪት?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሒሳብ ተመርቀሻል። የመመረቂያ ሥራሽ ሴሎች ተቀናጅተው እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በቀመር ማሳየት ነበር። አሁን አንድ የለስላሳ አከፋፋይ ስምሪት ክፍሉ ሊቀጥርሽ ነው። አባትሽ "አራት ዓመት የተማርሽው ከሹፌር ጋር ልትጨቃጨቂ ነው?" ብለውሻል። አሜሪካ ያሉት አክስትሽ ደግሞ "የውጭ ማስተርስ እስኪመጣልሽ ቤት ተቀመጪ፣ እኔ እልክልሻለሁ" አሉ። አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ግን "የተማርኩት ሁሉ ባክኖ ሊቀር ነው ወይ?" የሚለው ነው።

አይባክንም። ያጠናሻትን ባለ አንድ ሴል ፍጥረት፣ ዲክቲዮስቴሊየም የምትባለውን አሜባ እንውሰድ። ስትጠግብ አፈር ውስጥ ለብቻዋ ባክቴሪያ እየለቀመች ትኖራለች። ረሃብ ሲመጣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን ኬሚካል ትረጫለች። ጎረቤቷ ያ ሲደርሳት ወደመጣበት ትሄዳለች፣ እሷም በተራዋ ትረጫለች። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ 100,000 የሚደርሱ ሴሎች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። አለቃ የለ፣ ካርታ የለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ምልክቱን ያስተላለፈች ሴል ለጥቂት ደቂቃ ሌላ ምልክት አትቀበልም። ይህ ባይሆን ማዕበሉ ወደኋላ እየተመለሰ ሁሉም ይተራመስ ነበር።

ስምሪት ክፍል ገብተሽ አንድ ሹፌር "መንገድ ተዘግቷል" ብሎ በደወለ ቁጥር የሁሉንም መስመር ቀይሪ፤ መኪኖቹ ሲመላለሱ ይውላሉ። መቼ መስማት፣ መቼ ለጊዜው ጆሮ መንፈግ እንዳለብሽ ከአሜባዋ ተምረሻል።

ሒሳቡም ቀላል እንዳይመስልሽ። ለአንድ አይሱዙ 12 ሱቅ ብትሰጪው የሚዞርባቸው ቅደም ተከተሎች 479,001,600 ናቸው። ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ዳንዚግና ጆን ራምሰር እ.ኤ.አ. በ1959 ይህንን የመኪና ስምሪት ጥያቄ ሲያነሱ ምሳሌያቸው ነዳጅ አከፋፋይ ቦቴዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ክላርክና ራይት የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ዘዴ አመጡ። ለየደንበኛው አንድ አንድ መኪና ደርሶ የሚመለስ አድርገሽ ትጀምሪያለሽ። ከዚያ ሁለቱን ጉዞ አንድ ብታደርጊ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚተርፍበትን እየፈለግሽ ታጣምሪያለሽ። ለቃለ መጠይቁ ይህንን አጥኚ። "ከሴልና ከጉንዳን የተቀዳ አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) አሳያቸዋለሁ" ያልሽውን ግን ለጊዜው ተዪው። ያምራል፤ ሰዎቹ የቸገራቸው ግን ናፍጣና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው።

አሜባዋ ቀጠሮ የላትም። ባለሱቅ ግን ለቅሶ ሄዶ ይዘጋል። እኔ ስምሪት ላይ በጀመርኩ ወር አጭሩን መስመር አወጣሁና ኮራሁ፤ ከቃሊቲ ተነስቶ መጀመሪያ ሳሪስ፣ መጨረሻ መርካቶ። ጫኞቹ ዝርዝሩን ከላይ ወደታች አንብበው የሳሪስን ዕቃ ቀድመው ጫኑ። ቀድሞ የተጫነ ደግሞ ከውስጥ ይቀራል። ሳሪስ ሲደርሱ የመርካቶውን ሳጥን በሙሉ አስፋልት ዳር አውርደው፣ የሳሪስን አውጥተው፣ እንደገና ጫኑ። ሹፌሩ ማታ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ የጫኞቹን ወረቀት ሁልጊዜ ከታች ወደላይ ነው የጻፍኩት። ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በኋላ ላገኘሁት ሥራ ሁሉ ግን ያስቀጠረኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሴል ውስጥ ካለው ብዙ ነገር የቱን ቀመር ውስጥ እንደምታስገቢ፣ የቱን እንደምትተዪ ለወራት ስትወስኚ ኖረሻል። እዚህም የሚፈለገው እሱ ነው።

አባትሽ ይቅር ይበሉኝና፣ ከሹፌር ጋር መነጋገር የማይችል ሒሳበኛ መኪና ማሰማራት አይችልም። ሥራውን የናቁት ስላላዩት ነው። የአክስትሽ ዶላርም በነፃ የሚመጣ አይደለም፤ ባሕር ማዶ በድርብ ፈረቃ የተገኘ ሊሆን ይችላል። በዚያ ብር ቤት ቁጭ ብሎ ኢሜይል መጠበቅ ለአንቺም ለእሳቸውም ጥሩ አይመስለኝም። ለማስተርሱ እየሠራሽ አመልክቺ። ማመልከቻሽ ላይ እውነተኛ መስመር አውጥቼ ይህን ያህል ናፍጣ አተረፍኩ ብለሽ ብትጽፊ፣ ቤት ከዋለች አመልካች ትሻያለሽ።

ውጤትሽ 2.9 መሆኑን ካልጠየቁሽ አታንሺው። ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በሁለት ወር ይለመዳል፤ የመኪና መስመር የሚያወጣውን ኦአር ቱልስ የሚባል የጉግል መሣሪያ በነፃ አውርደሽ ሞክሪ።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ለምኛቸው። አንድ ቀን ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር ጋቢና ተቀምጠሽ ውጪ። ደብተር ያዢና በየሱቁ ለማራገፍ የፈጀውን ደቂቃ ጻፊ። ቅዳሜን ምረጪ፤ መርካቶ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው።