ኮከብ ለማየት የት እንሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ከገባን ሦስት ዓመት ሆነን። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ስለ ፕላኔት ምናምን ተምሮ ይመጣና ማታ ማታ በረንዳ ላይ እየወጣ ኮከብ ይቆጥራል፣ ባለፈው 23 ላይ አለቀብኝ ብሎ ገባ። እኔ ያደግኩት ገጠር ነው፣ እኛ እኮ ብዛቱን አይተን መቁጠሩን አንጀምረውም ነበር። ብዙ ሳንርቅ ብዙም ሳናወጣ ኮከብ በደንብ ሚታይበት ቦታ ካለ ጠቁሙኝ። እንጦጦ ውጡ የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ይሻላል? (አንዲት እናት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ 23 የሚለው ቁጥር ልቤን ነካው። ልጅሽ ግን አልተሳሳተም፣ ከተማ ዳር ካለ በረንዳ፣ የጎረቤት አምፑል ፊት ለፊት እየበራ ከዛ በላይ ማየት ከባድ ነው።

ከእንጦጦው ልጀምር። እንጦጦ ላይ የሥነ ፈለክ ኦብዘርቫቶሪ አለ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት፣ ስለዚህ ሰው እንጦጦ ቢልሽ አይፈረድበትም። ችግሩ ከተማው ያለው ከእንጦጦ በስተደቡብ ነው፣ እዛ ቆመሽ ወደ ደቡብ ስትዞሪ አዲስ አበባ በሙሉ ከታችሽ ይበራል፣ ከአድማሱ ከፍ ብሎ ያለው ሰማይም ብርቱካንማና ነጭ ሆኖ ይጠብቅሻል። የኛ አገር ሰማይ ደግሞ ትልቁ ሀብቱ ደቡቡ ነው! እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለራቅን ብዙው የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው አይቶት የማያውቀውን የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ እናያለን፣ ግን ቢበዛ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው ከፍ የሚለው፣ እጅሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን ሁለቴ ብትደራርቢ ከአድማሱ እዛ ድረስ ማለት ነው። እና እንጦጦ ላይ ያ ቦታ በትክክል የከተማው ብርሃን የተኛበት ነው። ባለሙያዎቹም ራሳቸው የከተማው መብራት ስላስቸገራቸው ለሌላ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ አካባቢ ተራሮችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ወደ ሰሜን ብቻ ለማየት ከሆነ እንጦጦ ምንም አይልም፣ ለልጅሽ ግን የመጀመሪያ ቦታ አድርጌ አልመርጠውም።

አንቺ ያለሽበት ለዚህ ነገር ከብዙ የአዲስ አበባ ሰው ይሻላል፣ በእውነት። ለገጣፎ ላይ ከተማው ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው የሚቀረው፣ የደብረ ብርሃን መንገድ ደግሞ ከከተማው እያራቀ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወስድሻል። ስለዚህ ቤት ውስጥም ብትሆኑ ወደ ከተማው ከሚያየው በረንዳ ይልቅ በምሥራቅ በኩል ያለውን ጥግ ምረጡ፣ የራሳችሁን መብራት በሙሉ አጥፉ፣ ከዛ ግማሽ ሰዓት ስልክ ሳትነኩ ተቀመጡ። ይሄ ግማሽ ሰዓት ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር ነው። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ በመሀል አንዴ ስልክ ከከፈትሽ እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሩት። ልጁ 23 የቆጠረው ከሳሎን እንደወጣ ከሆነ ያቺን ግማሽ ሰዓት ስጪውና ቁጥሩ ሲጨምር ራሱ ያይልሻል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ጄኔሬተር ከሌለ አቅራቢያ፣ ልጁን ቀስቅሰሽም ቢሆን አውጪው።

ወጣ ማለት ካማራችሁ ሰንዳፋ ቅርብ ነው፣ እናንተ ጋ ከሆነ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ከከተማዋ ትንሽ አለፍ ካላችሁ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። እኔ የምወደው ግን አለልቱን አልፎ ወደ ሸኖ ሲደረስ ያለውን ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ሜዳው ገላጣ፣ ዛፍም ተራራም የማይከልለው፣ የአዲስ አበባ ብርሃን ከኋላ ዝቅ ብሎ እንደ ጉም ነገር ብቻ ሆኖ የሚቀርበት።

አምና ታኅሣሥ 4 ማታ እዛ አካባቢ ዘመድ ግቢ አድሬ ነበር። ጅባ አንጥፈን ጋቢ ደራርበን በጀርባችን ተኛን፣ የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሁለቴ ጠቅልዬ በላስቲክ አስሬው ነበር፣ ምክንያቱም ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን እንደ ነጭ አያበላሸውም፣ ቡና ለመቅዳትም ጫማ ለመፈለግም ይበቃል። ያን ሰሞን ጀሚኒድስ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች በየዓመቱ የሚበዙበት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ እየተከታተሉ ይመጣሉ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ግን ተወርዋሪውን ትቶ ሲያይ ቆየና «ይሄ ደመና ለምን አይሄድም?» አለኝ። ደመና መስሎት ነው እንጂ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው የከዋክብት ጭፍራ ነበር፣ ከአድማስ እስከ አድማስ። እኔም ዝም ብዬ ቆየሁ፣ ምክንያቱም እዛው ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ ቀና ብሎ የሚያሳየው ሰው ነው ያልነበረው።

ብርዱን እንዳትንቂው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸኖም ከዛ ብዙ አታንስም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ፣ ለልጁ ካልሲ ሁለት ድርብ፣ ኮፍያ፣ ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዢ። የደብረ ብርሃን ስም ራሱ ከሰማይ ጋር የተያያዘ ነው፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዛ ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ከተማዋን በዛ ስም እንደጠሯት ይተረካል፣ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን በፈረንጆቹ 1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። መንገድ ላይ ለልጁ ይሄን ንገሪው፣ ያው ኮከብ በፈረንጆቹ 2061 ተመልሶ ይመጣል፣ እሱ ያኔ ትልቅ ሰው ሆኖ ያየዋል።

አሁን ጥብቅ ነገር ልንገርሽ። ማታ መንገድ ላይ አትሁኑ። ሳይመሽ ደርሳችሁ እዛው እደሩ፣ የሰው ግቢ ወይ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ መኪና አቁሞ መቀመጥ አይሆንም፣ ጅብም አለ፣ የማያውቋችሁ ሰዎችም ጨለማ ውስጥ ምን እንደምታደርጉ ቢጠረጥሩ አይገርምም፣ ባለቤቱን ቀድሞ ማስፈቀድና ለአካባቢው ሰው መናገር ያስፈልጋል። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዛው ሳምንት መስመሩ ላይ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቂ፣ ካልተመቸ ይቅር፣ ሰማዩ የትም አይሄድም።

መቼ ለሚለው፦ ክረምት በፍጹም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና ነው። ምርጡ ክረምቱ እንደወጣ ጥቅምት ላይ ነው፣ ዝናቡ አቧራውን አጥቦት አየሩ ጥርት ይላል፣ እየቆየ ጥርና የካቲት ላይ አቧራና ጭስ ይገባበታል። ዋናው ግን ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሸኖ ሄዶ ማደር ድካም ብቻ ነው የሚሆንባችሁ። ቀላሉ ዘዴ ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ ዛሬ በእስልምና አቆጣጠር ወሩ ስንት ነው ብለሽ መጠየቅ ነው፣ ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር 14 እና 15 ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ከ24 በኋላ እስከ ሚቀጥለው ወር 3 ድረስ ያለው ደግሞ ማታው ጨለማ የሆነበት የእናንተ ጊዜ ነው።

የደቡብ መስቀልን ምሽት ላይ ለማየት ግንቦት መሀል ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ተመልከቱ፣ ደመና ካልያዘው ማለቴ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦት ካደረበት የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ቀና በሉ፣ በዛ ሰዓት መስቀሉ በደቡብ በኩል ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ከጎጃም መጥተው እኛ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ። ማታ ደጅ ይወጡና «እዚህ አገር ኮከቡ ጥቂት ነው፣ ያለውም ቦታውን ለቋል» ይላሉ። እኛ ሳቅን ግን እሳቸው ከምራቸው ነው። ወዴት ልውሰዳቸው? (አንድ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ልክ ናቸው፣ ይቅርታ ጠይቃቸው። ጎጃም የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 11 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ከፍ ብሎ ነው ሚታየው፣ እናንተ ጋ ግን 39 ዲግሪ ላይ ተሰቅሏል። እዚህ አናት ላይ የሚያልፈው ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ እዛ ወደ ደቡብ ዘመም ይላል፣ የደቡብ መስቀል ደግሞ ከሜሪላንድ ጭራሽ አይወጣም። ዕድሜ ልካቸውን ሰማይ ያዩ ሰው ናቸው፣ ወዲያው ነው የገባቸው።

ቦታውን በተመለከተ ቨርጂኒያ ውስጥ ዴላፕሌን አጠገብ ያለው ስካይ ሜዶውስ ስቴት ፓርክ ጥሩ ነው፣ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ገደማ ይነዳል፣ በፈረንጆቹ 2021 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሏል። በጎ ፈቃደኞች ቴሌስኮፕ ይዘው የሚመጡባቸው የኮከብ ምሽቶች አሉት፣ ሌላ ጊዜ ፓርኩ ሲመሽ ስለሚዘጋ የዛን ቀን ጠብቀህ ውሰዳቸው። ሁለት ሰዓት መንዳት ካላስቸገራቸው ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ሰፊ ሜዳ አለ፣ ገላጣ ነው፣ መኪና አቁሞ ትንሽ መራመድ ይበቃል፣ ለእሳቸውም አይከብድም። የሚታጠፍ ወንበር በመደገፊያ ያዝላቸው፣ አንገታቸውን እንዳያማቸው።

ጥያቄ፦ ቴሌስኮፕ ልግዛ ብዬ ብር እያጠራቀምኩ ነው፣ ሃያት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው ምኖረው። ምን ዓይነት ልግዛ? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ገና አትግዛ። መጀመሪያ ባይናኩላር ፈልግ፣ 7 በ50 ወይ 10 በ50 የሚል የተጻፈበት፣ ከሰው ብትዋስም ይሆናል። በሱ ብቻ የጨረቃን ጉድጓዶች፣ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች፣ ሰባቱ ከዋክብት ሰባት ብቻ እንዳልሆኑ ታያለህ፣ ክንድህን የበረንዳው ግንብ ላይ አስደግፈው እንዳይንቀጠቀጥ። ስልክህ ላይ የኮከቦችን ስምና ቦታ የሚያሳየውን ስቴላሪየም የሚባል አፕ ጫን፣ ነጻ ነው፣ ስክሪኑን ቀይ የሚያደርግ የማታ ሞድ አለው። ርካሽ ቴሌስኮፕ እግሩ እየተወዛወዘ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ብዙ ልጆች አንድ ሳምንት አይተውበት ቁም ሳጥን ላይ ሲሰቅሉት አይቻለሁ።

ባይናኩላሩ እጅህ ሲገባ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። በፈረንጆቹ 2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ በዙሪያው የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ አቦል አለቻት። ኮከቡ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ በባዶ ዓይን አይታይም፣ በባይናኩላር ግን ጨለማ ቦታ ሆኖ ይገኛል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ፊትህን ወደ ሰሜን አዙርና ከፍ አድርገህ እይ፣ በግራ አልማክ፣ በቀኝ አልጎል የሚባሉ ደማቅ ኮከቦች አሉ፣ ስቴላሪየም ያሳይሃል፣ በመካከላቸው ከአንድ ጭብጥ ትንሽ የሚበልጥ ርቀት አለ። ቡና ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ፣ ልክ መሀላቸው ላይ ናት።