ተለዋጭ አባል በጸጥታው ምክር ቤት ምን ይሠራል? ከሐዋሳ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከሐዋሳ የውይይት ክበባችን አባላት ስለ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የቀረቡትን ጥያቄዎች የመለሱልን የዓለም አቀፍ ሕግ መምህር የሆኑት አባላችን ናቸው። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸው ጠርተናል፤ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአቶቴ፦ መምህር፣ አምስቱ ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) ይዘው ሳለ አሥሩ ተለዋጭ፣ ማለትም ለሁለት ዓመት የሚመረጡ አባላት እጅ ከማውጣት ያለፈ ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ እጅ ማውጣቱን አይናቁት። ማንኛውም ውሳኔ እንዲጸድቅ ከ15ቱ አባላት ቢያንስ የ9ኙ ድጋፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ አምስቱ ኃያላን በአንድ ቃል ቢናገሩ እንኳ ከተለዋጮቹ አራት ድምፅ ካላገኙ ረቂቁ ይወድቃል። በ2003 አሜሪካና ብሪታንያ በኢራቅ ላይ ተጨማሪ ውሳኔ ለማስጸደቅ ሲሯሯጡ አንጎላ፣ ካሜሩን፣ ጊኒ፣ ቺሊ፣ ሜክሲኮና ፓኪስታን በልመናም በጫናም መፈናፈኛ አጥተው ነበር። ፈረንሳይ እንደምትሽር ብታስታውቅም፣ ረቂቁ ለድምፅ ሳይቀርብ የቀረው ዘጠኙም ድምፅ ስላልተሟላ ጭምር ነው። ጦርነቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ያንን የምክር ቤቱን ይሁንታ ሳይዝ ተጀመረ።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፦ ስትጠይቁ የምትጠይቁት ስለ ኒው ዮርኩ ምክር ቤት ይሁን ስለ አዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ግለጹ።

ከመነኸሪያ፦ ኢትዮጵያ ስንት ጊዜ ተመረጠች? ምንስ ተጠቀመች?

መልስ፦ በኒው ዮርኩ ከሆነ ሦስት ጊዜ፤ በ1967–68፣ በ1989–90 እና በ2017–18። ሁለተኛው ጥያቄ ዳርቻ የለውም። የትኛውን ውሳኔ ማለትዎ እንደሆነ ቢነግሩኝ እመልሳለሁ።

ከታቦር፦ እንግዲያስ የመጨረሻውን ጊዜ ያብራሩልን። መቀመጫው በእጃችን ሳለ በእርግጥ የእኛ ነበርን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ በሰኔ 2016 በ185 ድምፅ ተመረጠች። የወሩ ፕሬዚዳንትነት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚዞር ከግብፅ ቀጥሎ፣ ከፈረንሳይ በፊት፣ መስከረም 2017 ደረሳት፤ ይኸውም የዓለም መሪዎች ለጠቅላላ ጉባኤው ኒው ዮርክ የሚሰበሰቡበት ወር ነው። በዚያ ወር በጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሰብሳቢነት በተካሄደው ስብሰባ የሰላም ማስከበርን ማሻሻያ የሚመለከተው ውሳኔ 2378 ጸደቀ። በወቅቱ ከማንም አገር በላይ ሰላም አስከባሪ ታሰማራ ለነበረች አገር ርእሱ የራሷ ነበር።

ይሁን እንጂ እኔ ዘወትር የምወተውተው ስለ ሰብሳቢነቱ ሳይሆን ስለ ብዕሩ ነው። በምክር ቤቱ ልማድ እያንዳንዱ ጉዳይ ረቂቁን የሚጽፍ አገር አለው፤ የሶማሊያው በብሪታንያ፣ የደቡብ ሱዳኑ በአሜሪካ እጅ ነው። ኢትዮጵያ በሁለቱም አገሮች ወታደሮች ነበሯት፤ ረቂቁን ግን ሌሎች ጽፈው ያመጡላት ነበር። በኤርትራ ላይ ከ2009 ጀምሮ የቆየው ማዕቀብ በኅዳር 2018 በውሳኔ 2444 ሲነሣም አርቃቂዋ ብሪታንያ ነበረች። ብዙውን ጊዜ አርቃቂው አስቀድሞ ከሌሎቹ ቋሚ አባላት ጋር ይነጋገርበትና ለተለዋጮቹ መጨረሻ ላይ ያደርሳቸዋል፤ «እስከዚህ ሰዓት ተቃውሞ ካልመጣ እንደተስማማችሁ እንቆጥረዋለን» የሚል ቀነ ገደብም ያስከትልበታል። ረቂቁ በኒው ዮርክ በጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢላክ አዲስ አበባ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። መልእክተኛው ከዋና ከተማው መመሪያ የሚጠይቀው ማንን ቀስቅሶ ነው? የአሞራ ገደል ዓሣ ተጠብሶ ከቀረበ በኋላ ቅመም ልጨምር እንደማለት ነው።

ብዕሩን መንጠቅ ግን ይቻላል። ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን፣ ኩዌትና ኮትዲቯር በግንቦት 2018 ሰላማዊ ሰዎችን በረኀብ መቅጣትን እንደ ጦር ስልት መጠቀምን የሚያወግዘውን ውሳኔ 2417 አርቅቀው በሙሉ ድምፅ አስጸድቀዋል። በመጋቢት 2024 ደግሞ አሥሩ ተለዋጮች በአንድነት በጋዛ ለረመዳን ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቀውን ውሳኔ 2728 አቀረቡ፤ 14 አባላት ሲደግፉት አሜሪካ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። የተኩስ አቁም ረቂቆች በተደጋጋሚ በተሻሩበት ጉዳይ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሐይቅ ዳር፦ ኃያላኑ ድምፅ ይገዛሉ። በ1990 ኢራቅን ከኩዌት በኃይል ለማስወጣት የፈቀደውን ውሳኔ 678 ኢትዮጵያ የደገፈችው ደርግ ከአሜሪካ ጋር መታረቅ ስለፈለገ ነው።

ከፒያሳ፦ አልስማማም። በ1935 ተወርራ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ያለች አገር፣ ጎረቤቱን የወረረን መንግሥት ልትደግፍ ኖሯል? ድምፁ ከታሪካችን ጋር የሚሄድ ነው።

ከሐይቅ ዳር፦ የመን ስለተቃወመች አሜሪካ ዕርዳታዋን አቋርጣባት የለም? መርሕ የሚባለው ነገር ዋጋው ሲታይ ነው የሚታወቀው።

ከፒያሳ፦ የመን የተቀጣችው ለብቻዋ ነው፤ ኩባም ተቃውማለች። ደግሞስ ስለ ደርግ የውጭ ፖሊሲ ካነሣን የሶቪየት ኅብረት መዳከም…

መልስ፦ ይህ ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። በመዝገብ ላይ ያለው 12 ድጋፍ፣ የኩባና የየመን ተቃውሞ፣ የቻይና ድምፀ ተዓቅቦ ነው። የመንን በተመለከተ የሐይቅ ዳሩ ወንድማችን የጠቀሱት እውነት ነው፤ የኢትዮጵያን ልብ ግን የድምፅ መዝገብ አይነግረንም። ጥያቄ ያለው ይቀጥል።

ከምሥራቅ፦ ተለዋጭ አባላት ሥልጣን አላቸው ወይ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ከአሞራ ገደል፦ በምክር ቤቱ ውስጥ ቬቶ የሌለበት አሠራር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ በየትኛው ምክር ቤት? ማሳሰቢያዬን ደግሜ ልናገር ነው። የአዲስ አበባውን ማለትዎ ከሆነ በ2004 ሥራ ሲጀምር ቋሚ አባልም ቬቶም ሳይኖረው ነው። 15ቱም ተመራጮች ናቸው፤ አሥሩ ለሁለት ዓመት፣ አምስቱ ለሦስት ዓመት። በጉዳዩ ተከራካሪ የሆነ አባል አቋሙን ካስረዳ በኋላ ምክክሩ ሲካሄድ ይወጣል። ተከታትሎ መመረጥም ስለማይከለከል ናይጄሪያ ከምሥረታው ጀምሮ ከመቀመጫው ተነሥታ አታውቅም።

በኒው ዮርክ ግን የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 23 ተሰናባቹን ወዲያው ዳግም እንዳይመረጥ ይከለክለዋል። ትልቁ ድካም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ መልእክተኛ የማዕቀብ ኮሚቴ መምራትን በመጀመሪያው ዓመት ይማራል፣ በሁለተኛው ይሠራል፣ ከዚያ ይሰናበታል፤ የሠላሳና የአርባ ዓመቱ የሰነድ ትውስታ ከቋሚዎቹ ቢሮ ይቀራል።

ከአሞራ ገደል፦ የአፍሪካ ዕጩዎች በኅብረቱ ከተመረጡ ኒው ዮርክ ላይ የሚደረገው ምርጫ ለወጉ ነዋ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎን። በ2020 ግን ጅቡቲ ኅብረቱ ለኬንያ የሰጠውን ድጋፍ ሳትቀበል ተወዳደረች፤ ኬንያ በሁለተኛው ዙር 129 ለ62 አሸነፈች።

ከታቦር፦ ኢትዮጵያ ዳግም ብትመረጥ ምን ታዘጋጅ ይላሉ?

መልስ፦ አዲስ ተመራጮች ከጥቅምት 1 ጀምሮ ለሦስት ወር በታዛቢነት ይገባሉ፤ ያ ጊዜ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ አንድ ጉዳይ መርጣ፣ የዚያን ጉዳይ ያለፉ ውሳኔዎች አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቁ ባለሙያዎችን ኒው ዮርክ ታስቀምጥ። ከዚያም ከሌሎቹ ሁለት የአፍሪካ አባላት ጋር የጋራ ረቂቅ ትጻፍ፤ ሦስት ድምፅ በአንድነት ሲቆም ዘጠኙን የሚቆጥር ሁሉ ሊያናግረው ይገደዳል።

ከምሥራቅ፦ መቼ ትመረጣለች ታዲያ?

መልስ፦ ትንቢት አልናገርም።