የጋማ ከብት ጥያቄና መልስ፦ «ዳማው አገጩ ስር አብጧል፤ እንናገር ወይስ እንጠብቅ?»

መስከረም ከጠባ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ጋጣው የጋራ ነው፣ አንዱ ፈረስ ታመመ፣ ሌላው ባለቤት ፈራ። ስለዚህ የኮርቻና የመኖ ጥያቄዎቹን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ እነዚህን ብቻ እመልሳለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ፈረስ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐኪም ጥሩ ስል ግን ከምሬ ነው።

አንድ ደብዳቤ ወረፋ አይጠብቅም

የጻፈልኝ የሻሸመኔ ባለጋሪ ነው። ፈረሱ ከሁለት ቀን ወዲህ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ መዋጥ አቅቶታል፣ የገዛ እግሩን ይነክሳል፣ ሲራመድም ኋላው ይከዳዋል። «አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ይሆናል ብዬ እጄን ከትቼ ፈለግኩ፤ ምንም አላገኘሁም፤ አሁን ምን ላድርግ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ራስህን አድን። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፈረስንም አህያንም ይይዛል። ሁልጊዜ እንደ ውሻው በመናከስ አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ ያነቀው ነው የሚመስለው፣ ሰውም እጁን የሚከትተው ለዚያ ነው። እጅህን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠብ። ጭረት አላየሁም ብለህ እንዳትተወው። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና የሆነውን ሁሉ ንገራቸው። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ሰው ላይ ከመታየቱ በፊት ነው። ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ፈረሱን ያጠጣ ወይ ልጓም ያወለቀለት ልጅ ካለ እሱንም ይዘኸው ሂድ። በባህል መድኃኒት ልሞክረው ብለህ አንዲት ቀን እንዳታባክን። ፈረሱን ማንም አይጠጋው፣ በሩ ይዘጋበት፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ዛሬ ይነገረው። ይህን ካነበብክ ሌላውን ጥያቄ ማንበብ ትተህ ተነስ።

«ሐኪም እስኪያረጋግጥ ዝም ብል ምን አለበት?»

ይህቺ ደግሞ ቢሾፍቱ ዳር ጋጣ ያላት እህት ናት። ዘጠኝ ፈረሶች አሉ፣ ባለቤቶቹ ስድስት ናቸው፣ የውሃ ገንዳው አንድ ነው። የእሷ ዳማ ፈረስ ሦስት ቀን ገብሱን ትቷል፣ ወፍራም ቢጫ ንፍጥ ያወርዳል፣ አገጩ ስርም እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበታል። «እናቴ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላለች፤ ግን ብናገር ሁሉም ፈረሱን ይዞ ይሄድብኛል፣ ቤቴም ይዘጋል» ትላለች።

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። ዛሬ ተናገሪ። የበሽታውን ስም እስክታውቂ አትጠብቂ፤ «ዳማው ታሟል፣ ተላላፊ ሊሆን ይችላል፣ ለይቼዋለሁ» ማለት ይበቃል። ያልሽው ነገር ሐኪሞች ስትራንግልስ የሚሉትን ይመስላል። ባክቴሪያ ነው፣ ፈረስ ከፈረስ ይቀበለዋል፣ አገጭና ጉሮሮ ስር ያሉትን እጢዎች መግል ያስይዛል። ፈረስ በተገቢው እረፍትና እንክብካቤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የሚያጠፋን ዝምታው ነው።

ይህን የምለው አይቼው ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ጋጣ አንዲት ቡላ ባዝራ ነበረች። አንድ ጠዋት ልትጠጣ ገንዳው ላይ አጎነበሰች። ትስባለች፣ ጉሮሮዋ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል፣ ግን ውሃው አልወረደላትም፤ በሁለቱም አፍንጫዋ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ፈሰሰ። ከውሃው ጋር የወጣው ቢጫ ክር ውሃው ላይ ተንሳፎ ቀረ። ባልዲውን ይዤ ስቆም ሁለት ፈረሶች በግራና በቀኝ መጥተው ጠጡ። የጋጣው ባለቤት «ጉንፋን ነው፣ ሰው አታስደንግጥ» አለኝ። እኔም አራት ቀን ዝም አልኩ። ከአሥራ አንዱ ፈረስ ሰባቱ ታመሙ፤ አንድ ውርንጭላ እብጠቱ ጉሮሮውን አጥብቆበት፣ ትንፋሹ እየፏጨ፣ ሌሊት ሞተ። ያን ጠዋት ገንዳውን ብደፋው ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

ስለዚህ ዳማውን አሁኑኑ ለብቻው አድርጊው፤ አፍንጫ ለአፍንጫ የማይገናኝበት፣ የሱ ውሃ ወደሌሎቹ የማይፈስበት ቦታ። ባልዲው፣ ልጓሙ፣ ብሩሹ፣ አካፋው የሱ ብቻ ይሁን፤ እንዳይቀላቀል ቀይ ጨርቅ እሰሪበት። አንድ ሰው ብቻ ይንከባከበው። ሁለተኛ ሰው ከሌለሽ ጤነኞቹን አስቀድመሽ ጨርሺና እሱን መጨረሻ፤ ከሱ ወጥተሽ እጅሽን ሳትታጠቢና ልብስና ጫማሽን ሳትቀይሪ ወደሌላው አትመለሺ። ገንዳውን ድፉት፣ እጠቡት፣ ፀሐይ ይምታው። ይህ ተሐዋሲ ደረቅ ፀሐይ ላይ በጥቂት ቀን ይሞታል፤ እርጥብና ጥላ ካገኘ ግን ሳምንታት ይቆያል።

አሁን ወደምትፈሪው። ሰዎቹ ፈረሳቸውን ይዘው እንዳይሄዱ ለምኛቸው፤ ለአንቺ ገበያ ብለሽ ሳይሆን ለነሱ ብለሽ። በሽታው ከገባ በኋላ ከ3 እስከ 14 ቀን ድረስ ሳይታወቅ ይቆያል። ዛሬ ጤነኛ መስሎ የወጣ ፈረስ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጋጣ ውስጥ ያተኩሰዋል፣ ያኔ አንድ የነበረው ሁለት ጋጣ ይሆናል። ማንም አይውጣ፣ ማንም አይግባ፣ ግልቢያውም ይቁም። ገቢ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ያማል።

ከሁሉ የሚጠቅምሽ ቴርሞሜትር ነው። ከመድኃኒት ቤት አንድ ግዢ፣ ጫፉ ላይ ክር እሰሪበት፣ ክሩን ከጅራቱ ፀጉር ጋር በመቆንጠጫ ያዢው፣ ቫዝሊን ቀብተሽ በፊንጢጣው አስገቢ። ከፈረሱ ጎን ሁኚ እንጂ ከኋላው አትቁሚ። ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ባለው ውስጥ ነው። ጠዋትና ማታ የስምንቱንም ለኪና ደብተር ላይ ጻፊ። ሙቀቱ የሚነሳው ፈረሱ በሽታውን ለሌላው ማስተላለፍ ከመጀመሩ ሁለት ወይ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። ንፍጥ እስኪያዩ የሚጠብቁ ዘግይተዋል፤ ቴርሞሜትር የያዘች ሴት ግን ከበሽታው ቀድማ ትደርሳለች። ከ38.5 ያለፈውን ሁሉ ሌላ ምልክት ባይኖረውም ለይው።

ሐኪሙ ይምጣ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። እዚያው ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሰበብ የለሽም። ያልበሰለውን እብጠት በምላጭ እንዳትነኩት። ሙቅ ጨርቅ ያዙለት፣ መኖውን በውሃ አለስልሱለት። ፔኒሲሊን ከጎረቤት ተቀብለሽ አትውጊው፤ መወጋት ያለበትና የሌለበት ጊዜ አለ፣ የሚለየው ሐኪሙ ነው። ትንፋሹ ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

«ፈረሱ የያዘው ለሰው ይተላለፋል?»

ስትራንግልስ ከሆነ ሰውን የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እጅህን ታጠብ።

«በረኪና ገንዳ ለማጠብ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ግን ፋንድያና መግል ላይ በረኪና መድፋት በረኪናውን ማባከን ነው። መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ፈትጉት፣ ከዚያ በረኪናው፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ።

የሞጆው አባት

እኚህ አባት ሁለት የጋሪ ፈረስ አላቸው፤ አንዱን ልጃቸው ይነዳዋል። የሳቸው ፈረስ ደረቱና የፊት እግሩ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ አውጥቷል፣ አንዱ ይፈነዳል፣ ሌላው ይከተላል። ሰፈሩ «ቢቼ ነው፣ በብረት ተኩሰውና ይሥራ» አላቸው። የጋሪ ማሰሪያ እቃውን ሁለቱ ፈረሶች እየተቀያየሩ ነው የሚለብሱት።

አባቴ፣ አይተኩሱት። የጠቀሱት በሽታ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው ነው፣ መነሻውም ፈንገስ ነው። በቁስል ይገባል፤ ብረቱ የሚከፍተው አዲስ ቁስል አዲስ በር ነው። ዝንብ ያዛምተዋል፣ መግል የነካው እቃም ያዛምተዋል። ሞጆ ብቻዋን አይደለችም፤ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት 28 ከተሞች ውስጥ 19,000 ያህል የጋሪ ፈረሶች ሲታዩ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይህ በሽታ ነበረበት። ሞቅ ባለውና እርጥበት ባለው አካባቢ ይበዛል፣ ብርዱ በጠናበት ደጋ እምብዛም አይታይም።

እቃውን ዛሬ ይለዩት። የልጅዎ ፈረስ የዚያን ፈረስ እቃ አንድ ቀን እንኳን አይልበስ። የልጅዎን ፈረስ አንገትና ደረት በጣትዎ ይዳስሱት፤ እቃው የፋቀው ቦታ ካለ ጨርቅ ያልብሱት፣ ቁስሉን ዝንብ አያግኘው። የታመመው ይረፍ። ቶሎ ከተጀመረ በአዮዲን መድኃኒቶች የሚድን አለ፣ ሕክምናው ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ መጠኑንም ሐኪም ነው የሚያዘው። ብሩክና ስፓናን የመሳሰሉ ለጋማ ከብት የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፣ የወረዳውን ሐኪም ስለነሱ ይጠይቁት። አንድ ፈረስ መቆሙ የቤቱን ግማሽ እንጀራ መቁረጡ ይገባኛል። ሁለቱም ከቆሙ ግን ምን ይበላል?

«ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት አፍንጫው አረፋ ሞልቶት ሞቶ አገኘነው»

ከሱሉልታ ነው። ጎረቤቶቹ ደንግጠው የቀሩትን ፈረሶች በየዘመዱ ግቢ በትነዋቸዋል። ሬሳውን ደግሞ ለውሻ እንጣለው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አትጣሉት። አትክፈቱትም። በድንገት የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያየው ቢላ አይንካው፣ በተለይ ከአፍንጫ ወይ ከፊንጢጣ ያልረጋ ጥቁር ደም ከወጣ።

አረፋው ግን በዚህ ወቅት መጀመሪያ የሚያሳስበኝ የአፍሪካ የፈረስ በሽታን ነው። ሳንባው ውሃ ይሞላል፣ ፈረሱ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ይሞላል። ይህ ቫይረስ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይሄድም፤ የሚያመላልሰው ከትንኝ ያነሰ ተናካሽ ነፍሳት ነው፣ ክረምቱ ሲያልቅ የሚፈላው። ስለዚህ ፈረሶቹን መበተናችሁ አልጠቀማችሁም፤ ቫይረሱ ያለበት አንድ ካለ የዘመድ ግቢ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ከሱ ይወስዱታል። በ1987 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ ወረርሽኙ የተነሳው ከናሚቢያ በመጡ የሜዳ አህዮች ነው፤ እነሱ ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ ነው ይዘውት የሄዱት። ውሻም በዚህ በሽታ የሞተ ፈረስ ሥጋ በልቶ ይያዛል።

የምታደርጉት ይህ ነው። ከጀምበር መጥለቂያ እስኪነጋ ፈረሶቹ ቤት ይግቡ፣ በርና መስኮቱ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን፣ አጠገቡ ያለው ረግረግ ይደፈን፣ ሙቀታቸው በየቀኑ ይለካ። ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ጥሩው ጊዜ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ነው፣ አሁን ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ሐኪሙ ይወስን። ወረዳው ዛሬ ይወቅ። ይህ መታወቅ ያለበት በሽታ ነው፣ የእናንተ ግቢ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

«ለሰው የታዘዘ ቴትራሳይክሊን ቀርቶኛል፣ ከፉርሽካ ጋር ላብላው?»

አይሆንም። የፈረስ አንጀት ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ተሐዋሲ ገድሎ በተቅማጥ ሊገድለው ይችላል። ሐኪም ጠይቅ።

የእንጅባራው ፈረሰኛ

ፈረሱ ከሳምንት ወዲህ ያስላል፣ ትንሽ ንፍጥም አለው። ጥር 23 እስኪደርስ ይሻለዋል ብሎ ያስባል፤ «ካልተሻለውም ዳር ዳር አስኬደዋለሁ፤ አያቴም አባቴም ያልቀሩበት በዓል ነው» ይላል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያቆየው በዓል ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሜዳው ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ዳር ዳር የሚባል ነገር የለም። ፈረሶቹ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆሙት፣ አንዱ ሲያስነጥስ ጎኑ ያለው ይተነፍሰዋል፣ ማታ ደግሞ እያንዳንዱ ወደየወረዳው ይመለሳል። ያንተን ሳል ለሰባቱም ቤት ታድላለህ። ጥር ገና ሩቅ ነው፣ አሁኑኑ አሳርፈው፣ አሳክመው። እስከዚያ ካልዳነ አንተ በእግርህ ሂድ፣ ፈረሱ ይቅር። አባትህም የሚኮሩብህ ይመስለኛል።

«ገመዱን መቼ እንፍታ?»

ይህ ከአዲስ አበባ ነው፣ ስትራንግልስ ገብቶባቸው ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው፣ ተሰላችተዋል። የታመሙት ሁሉ መብላት ጀምረዋል፣ እብጠቱም ደርቋል፤ ጋጣውን ለሁለት የከፈሉበትን ገመድ ማንሳት ይፈልጋሉ።

ከመጨረሻው ፈረስ የመጨረሻ ምልክት ጀምራችሁ ቢያንስ 3 ሳምንት ቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው ፈረስ አይደለም። ከዚያም ሐኪሙ ናሙና ይውሰድ። ከዳኑት ውስጥ አንዳንዱ ጉሮሮው ውስጥ ባለ ከረጢት መግሉን ደብቆ፣ እየበላ እየወፈረ፣ ለወራት ሌላውን ሊበክል ይችላል፤ በዓይን አይለይም። ሐኪሙ አይቶ ነፃ ካላችሁ ፍቱት። ገመዱንም አቃጥሉት እንጂ ለውርንጭላ ማሰሪያ አታድርጉት።