ያልሞተውንም ትል ቁጠሩት

ልጆቼ፣ በሰብል ጥበቃ ሥራ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ ማሳ ረግጫለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለች አንዲት የጥቅል ጎመን ማሳ ናት።

ጎመኑን በሚበላው ትል፣ ዳይመንድባክ በምትባለው የእሳት እራት እጭ ላይ፣ ቢቲ የሚባለውን የባክቴሪያ ፀረ ተባይ ረጨን። በማግስቱ ሄጄ ቅጠል እየገለበጥኩ ቆጠርኩ፤ አብዛኛው ትል በሕይወት አለ። «አልሠራም» ብዬ ጻፍኩ። ባለማሳው ሽማግሌ ግን የሚያዩት ቅጠሉን ነበር። «ልጄ፣ ትሉስ አለ፤ ከትናንት ወዲህ ግን አዲስ ቀዳዳ አላየሁም» አሉኝ። የተማርኩት እኔ ነኝና አልሰማኋቸውም። በሦስተኛው ቀን ጠንካራ ኬሚካል አስረጨሁ፤ ትሉ ላይ እንቁላል እየጣሉ የሚያጠፉልንን ጥቃቅን ተርቦችም አብሬ ፈጀሁ።

ቢቲ ወዲያው አይጥልም። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው፣ የባክቴሪያው የፕሮቲን ክሪስታል በአልካላይን አንጀቱ ውስጥ ይሟሟና የአንጀቱን ግድግዳ ይበሳሳዋል። በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ ሞቱ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በደጋ ብርድ ደግሞ ይብስ ይዘገያል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ከረጫችሁ በኋላ የቆጠራችሁበትን ቀን እዚህ ደጋ ላይ እንዳለ አትድገሙት።

መጠኑ ካነሰ ወይም ትሉ ካደገ በኋላ ከተረጨ፣ አንጀቱን ጠግኖ ሊተርፍ ይችላል። የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጤነኛው አይሆንም፦ እጭነቱ ይረዝማል፣ ሙሽሬው (ትሉ የእሳት እራት ከመሆኑ በፊት ሳይበላ የሚቆይበት ደረጃ) ክብደቱ ያንሳል፣ የምትወጣው የእሳት እራትም የምትጥለው እንቁላል ያንሳል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ዘግይቼ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ንጹሕ ቅጠል የሰጠኋቸው ሙሽሬ ሲሆኑ፣ ትንሽ ቢቲ የቀመሱት ገና እጭ ነበሩ፤ ብዙም ስላልበሉ ከሥራቸው የሚጠራቀመው ጥቁር ኩስ እንኳ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ታዲያ ይህን ሰምታችሁ ግማሽ ልክ በጥብጡ አላልኩም! ቀጫጫም ቢሆን የተረፈው ይራባል። ይህ የጎመን ተባይ ቢቲን ማሳ ላይ መቋቋሙ ከሃዋይ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ደጋግሞ ከመረጨቱ የተነሣ።

ፀሐይ ስለምታበላሸው ወደ ማታ ርጩ፤ የቅጠሉን ሥር አትርሱ። ከተረጨውም ካልተረጨውም ጥቂት ትል ወስዳችሁ በየጠርሙሱ አሳድጉ። አፉን በሻሽ እሰሩት እንጂ በክዳን አትድፈኑት፤ ቅጠሉ ይሻግትና ትሉን የገደላችሁት እናንተ ሆናችሁ ሳለ ቢቲ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።